ብስክሌተኞችና የገጠር መንገድ በእንግሊዝ አገር

ብስክሌት ሰውን ከቤቱ ወደ ሥራው ለማድረስ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን እሑድ እሑድ በማኅበር ተሰብስቦ፥ ከከተማ ወጥቶ፥ በገጠር መንገድ ሲጓዙ መዋል ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው። ከእነዚህ ማኅበሮች ስመ ጥሩው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1878 ዓ.ም. በሃሮጌት ከተማ ተቋቋመ፤ በ1883 «ሳይክሊስትስ ቱሪንግ ክለብ» ተባለ፤ ከ2016 ወዲህ «ሳይክሊንግ ዩኬ» ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ ጽሑፍ አሳብ ሽርሽሩ ከመዝናኛነት አልፎ የሕዝብን መንገድ ለመጠበቅ እንዴት እንደሚረዳ ማስረዳት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሕግ ነው። በ1879 አንድ ፍርድ ቤት ብስክሌት እንደ ሠረገላ ይቆጠራል ሲል ፈረደ፤ በ1888 የወጣው ሕግም ይህንኑ አጸና። ከዚህ የተነሣ ብስክሌተኛው ሠረገላ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ የመሄድ መብት አገኘ፤ ነገር ግን ለእግረኛና ለፈረሰኛ ብቻ በተተወው ጠባብ መንገድ መብት አጣ። ሆኖም ኮረብታውንና ጭቃውን የሚወዱ ብስክሌተኞች ስላልጠፉ፥ በ1955 በለምስተር ከተማ «ራፍ ስታፍ ፌሎሺፕ» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። በ1968 የወጣው የገጠር ሕግ ደግሞ፥ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እስከ ሰጠ ድረስ፥ ብስክሌተኛው በፈረስ መንገድ እንዲሄድ ፈቀደለት። በእግረኛ መንገድ ግን ዛሬም መብት የለውም።

ሁለተኛው ነገር ካርታ ነው። በ1949 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ የአውራጃ ምክር ቤት የሕዝብ መንገዶችን በካርታ እንዲያሰፍር አዘዘ። በካርታው የሰፈረ መንገድ ክርክር የለበትም። ያልሰፈረው ስላልሰፈረ ብቻ የሕዝብነቱ አይቀርም፤ ነገር ግን አንድ ቀን በሩ ተቆልፎ ቢገኝ መንገዱ የሕዝብ መሆኑን የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር በዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ማስረጃው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የጥንት ሰነድ ነው፤ ለምሳሌ ለአሥራት ግብር የተነሣው ካርታ፥ ወይም በ1910 ለመሬት ግብር ግምት የተሠራው ካርታ። በእነዚህ ላይ መንገዱ ከግል መሬት ተለይቶ ቢገኝ ለሕዝብ የሚያግዝ ምስክር ነው። ሁለተኛው የተጠቃሚው ቃል ነው፤ ሕዝቡ ያለ ጉልበት፥ ሳይደበቅ፥ ፈቃድም ሳይጠይቅ 20 ዓመት ሙሉ ከተመላለሰበት ሕጉ መንገዱን የሕዝብ አድርጎ ይገምታል። ባለ መሬቱ በበኩሉ ማስታወቂያ በመትከል ወይም ለምክር ቤቱ በጽሑፍ በማስታወቅ ይህን ቆጠራ ሊያቋርጥ ይችላል፤ ለከብቱና ለአዝመራው ስለሚሠጋ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም።

የማኅበሩ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ከ20 ዓመት በፊት በየት በኩል እንደ ሄደ በትክክል ማስታወስ ይቸግረዋል። ቀኑንና መንገዱን በመዝገብ የሚይዝ ማኅበር ግን መዝገቡንም ምስክሮቹንም አንድ ላይ ያቀርባል።

በዚህ መካከል አንድ ከባድ ነገር መጣ። በ2000 የወጣ ሕግ ከ1949 በፊት የነበሩ የእግረኛና የፈረስ መንገዶች እስከ ጥር 1 ቀን 2026 ካልተመዘገቡ፥ ከጥቂቶች በቀር፥ የሕዝብነታቸው እንዲቀር ወሰነ። ብዙዎች በየመዝገብ ቤቱ ገብተው አሮጌ ካርታ ይመረምሩ ጀመር። በ2023 ቀኑ ወደ 2031 እንዲተላለፍ ተደረገ፤ በታኅሣሥ 2024 ደግሞ መንግሥት የጊዜ ገደቡን ጨርሶ እንደሚያስቀር አስታወቀ።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፥ የሕዝብ መብት በሕግ መጽሐፍ መጻፉ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የሚሄድበት ሰው ያስፈልገዋል፤ መሄዱንም የሚጽፍ ጸሐፊ ያስፈልገዋል። እኛም ተማሪዎች በየክበባችን የምናደርገውን ጉዞ ቀኑንና ስፍራውን በመዝገብ ብናኖር፥ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ብዙ እንጠቅማለን።