ከመዋሃድ በፊት መተዋወቅ

በአንድ ጊዜ የሚፈሰው የወንድ ዘር በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ስፐርም ሊይዝ ይችላል፤ እንቁላሏ እስካለችበት የማህፀን ቱቦ የሚዘልቀው ግን በመቶዎች ቢቆጠር ነው። መድረስ ብቻውን ደግሞ ፅንስ አያመጣም። ሁለቱ ሕዋሳት አስቀድመው በላያቸው ባሉ ፕሮቲኖች መተዋወቅ አለባቸው።

ስፐርሙ መጀመሪያ የሚያጋጥመው እንቁላሏን የከበባት ወፍራም ሽፋን ነው። እዚያ ሲቃረብ ጭንቅላቱ ላይ እንደ ቆብ የተደፋው ከረጢት ይከፈትና ተሸፍኖ የቆየ አንድ ፕሮቲን ይገለጣል። በ2005 እ.ኤ.አ. የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው ማሳሩ ኦካቤና ባልደረቦቹ ይህን ፕሮቲን አግኝተው፣ በጃፓን በጋብቻ በሚታወቅ መቅደስ ስም ኢዙሞ አሉት። ኢዙሞ የሌላቸው ወንድ አይጦች ስፐርም ጤነኛ ይመስላል፤ ይዋኛል፣ ሽፋኑንም ሰንጥቆ ያልፋል። እንቁላሏን ነክቶ ግን ሳይዋሃድ ይቀራል።

ኢዙሞ እንቁላሏ ላይ የሚይዘው ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ2014 በእንግሊዙ ሳንገር ተቋም ኤንሪካ ቢያንኪና ጋቪን ራይት ጁኖ የተባለውን ፕሮቲን ለዩ። ጁኖ አዲስ አልነበረም፤ ከፎሊክ አሲድ ተቀባዮች ጋር ተመድቦ ይታወቅ ነበር፤ ፎሊክ አሲድ ግን አይዝም። ጁኖ የሌላቸው ሴት አይጦችም መካን ሆኑ።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ከዚያ የሚከተለው ነው። አንዱ ስፐርም በገባ በአርባ ደቂቃ ገደማ ውስጥ እንቁላሏ ጁኖን ከገጿ አራግፋ ትጨርሳለች። ውጫዊው ሽፋንም ይለወጥና ሌላ ስፐርም አይቀበልም። ሁለት ስፐርም ቢገቡ የክሮሞሶሙ ቁጥር ይዛባል፤ እንዲህ ያለው ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ አይጸናም።

ኢዙሞም ብቻውን አይሠራም። በ2024 በቪየና የአንድሪያ ፓውሊ ቡድን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዘ፣ ከሌሎች ሁለት የስፐርም ፕሮቲኖች ጋር እንደሚጣመር አሳይቷል።

ኢዙሞ የሌለው የአይጥ ስፐርም በመርፌ እንቁላሏ ውስጥ ሲከተት ግልገል ተወልዷል። ስፐርሙ የጎደለው መተዋወቂያው ብቻ ነበር። በሰውም እንቁላል ውስጥ ስፐርም በመርፌ መክተት ከ1992 ጀምሮ ልጅ አስገኝቷል። እንግዲህ እክሉ ከስፐርሙም ከእንቁላሏም በኩል ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ልጅ የዘገየባችሁ ባለትዳሮች፣ ጥፋቱን ሚስት ላይ ብቻ አትጣሉ፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ተመርመሩ።