ሸክላ አፈርና ከባድ ብረቶች በመጠጥ ውሃ

በምዕራብ ዓባያ በኩል የሚታየው የዓባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ቡናማ መልኩን ያገኘው በውስጡ ከተንሳፈፈው ደቃቅ ደለል ነው። የሸክላ አፈር ቅንጣት ገጽ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው እርሳስንና ካድሚየምን ስቦ ይይዛል። ኤርቪንግ ላንግሚዩር እ.ኤ.አ. በ1918 ያቀረበው ቀመር የመያዣው ቦታ ውሱን መሆኑን መነሻ ያደርጋል፤ የብረቱ መጠን ሲጨምር አፈሩ ይጠግባል። ስሌቱ የሚያገለግለው ግን ሙቀቱና አሲድነቱ ሳይለወጡ ነው። ውሃው አሲዳማ ከሆነ የሃይድሮጅን አዮኖች ቦታውን ስለሚሻሙ የተያዘው እርሳስ ተመልሶ ይለቀቃል። ስለዚህ በእንስራ ዘቅጦ የጠራ ውሃ ሁሉ ከእርሳስ ነፃ ነው አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለእርሳስ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ሲሆን፣ ይህን የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ እንጂ ዓይን አይደለም። የስምጥ ሸለቆው ነባር ችግር የሆነው ፍሎራይድማ ራሱ ኔጌቲቭ በመሆኑ ይኸው ገጽ አይስበውም።