ብሬኽትና ጋሊሌዮ፤ እውነትን ዐውቆ ዝም ስለ ማለት

ስለ ቴአትር ሲነሣ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው ሳቅንና ልቅሶን ነው። መጋረጃው ሲከፈት ራሳችንን ረስተን ከባለታሪኩ ጋር እናዝናለን፤ ሲዘጋም ዕንባችንን ጠርገን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ቤርቶልት ብሬኽት (ከ1898 እስከ 1956፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) አጥብቆ የተቃወመው ይህንኑ ልማድ ነበር። እርሱ የፈለገው የስፖርት ውድድር እንደሚያይ ሰው ነቅቶ የሚመለከትና የሚፈርድ ተመልካች ነው። ስለዚህም የመድረኩን መብራት ከዓይን አልሰወረም፤ የሚሆነውንም ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ እያስታወቀ፣ ተመልካቹ «መጨረሻው ምን ይሆን?» ማለቱን ትቶ «ለምን እንዲህ ሆነ? ሌላ መንገድስ አልነበረምን?» ብሎ እንዲጠይቅ ይገፋፋው ነበር።

በ1933 የጀርመን ምክር ቤት ሕንፃ በተቃጠለ ማግሥት ብሬኽት ሂትለርን ሸሽቶ ከአገሩ ወጣ፤ መጻሕፍቱም በዚያው ዓመት በአደባባይ ተቃጠሉ። በስደት ሳለ እውነትን ስለ መጻፍ ባወጣው ጽሑፍ፣ ለደራሲ ድፍረት ብቻውን እንደማይበቃው ያስረዳል፤ እውነቱን ለይቶ ማወቅ፣ ለማን እንደሚሰጠውም መምረጥ፣ ከዚያም በብልኀት ማሰራጨት ያሻዋል። ለብልኀቱ ምሳሌ የሚያደርገው የቻይናውን ሊቅ ኮንፊሽየስን ነው። በአሮጌ ዜና መዋዕል ውስጥ አንድ ገዥ ፈላስፋን «አስገደለ» የሚለውን ሊቁ «በግፍ አስገደለ» ወደሚል ቃል ለወጠው ይላል። ሰምና ወርቅን ለለመደ የቅኔ ተማሪ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ነገሩ ጐልቶ የሚታየው ግን በ1938 በዴንማርክ በጻፈው «የጋሊሌዮ ሕይወት» በተባለው ተውኔት ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ያለው ጋሊሌዮ በ1633 በሮማ በቤተ ክርስቲያን ችሎት ፊት ቃሉን ካደ። በመጀመሪያው ድርሰት ሽማግሌው በዘበኞች ዓይን ሥር ሆኖ በስውር መጽሐፍ ይጽፋል፤ ደቀ መዝሙሩም ጽሑፉን ከአገር ያወጣዋል። እንግዲህ ክህደቱ ጠላትን ያታለለ ብልኀት መሰለ። በአምባገነን ሥር አንገቱን ደፍቶ ለሚሠራ ሰው ይህ መጽናኛ ነበር።

በነሐሴ 1945 በሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ተጣለ። ብሬኽት በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ከተዋናዩ ቻርልስ ሎተን ጋር ተውኔቱን ወደ እንግሊዝኛ ይመልስ ነበር። ታሪኩ ያው ሆኖ ሳለ ፍርዱ ተገለበጠ። በአዲሱ ድርሰት ደቀ መዝሙሩ መምህሩን ሊያመሰግን ሲነሣ ጋሊሌዮ ራሱ ምስጋናውን ይመልሳል፤ የካደው ሥቃይን ፈርቶ መሆኑን፣ ዕውቀቱንም እንደፈለጉ ያደርጉበት ዘንድ ለገዥዎች ማስረከቡን ይናዘዛል። የሚያውቅና የሚፈርም ሰው ሁሉ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛም ቢሆን፣ ይህን ንግግር ሲሰማ ወንበሩ የሚቈረቍረው ይመስለናል።

ደራሲውም ቢሆን ከፈተናው አላመለጠም። ጥቅምት 30 ቀን 1947 ኮሙኒስቶችን ከሚመረምረው የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የፓርቲ አባል አለመሆኑን ተናገረ፤ በመልሶቹም ተጠንቅቆ ሊቀ መንበሩን እስከ ማስደሰት ደረሰ። በማግሥቱ ወደ አውሮፓ በረረ። በኋላ በምሥራቅ በርሊን ተቀመጠ። ሰኔ 17 ቀን 1953 በዚያ የተነሡት ሠራተኞች በሶቪየት ታንክ ሲበተኑ፣ ብሬኽት ለፓርቲው መሪ ለኡልብሪኽት ደብዳቤ ላከ። ከሕዝቡ ጋር ሰፊ ውይይት ያስፈልጋል የሚል ቃል ነበረበት፤ ጋዜጣው ግን ለፓርቲው ያለውን ታማኝነት የሚገልጸውን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ቈርጦ አወጣ። በአንድ ቃል ፍርድ እንደሚገለበጥ ያስተማረው ሰው በራሱ ደብዳቤ ላይ ደረሰበት! ስለዚሁ ጉዳይ ገዥዎችን የሚነካ ግጥም ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን በሕይወቱ ሳለ አላሳተመውም።

ብልኀት ነበርን ወይስ ፍርሃት? እኛ ሁለቱም ነበሩ እንላለን፤ ታላቅነቱ ነጻ አያወጣውም። ሆኖም በመጨረሻዎቹ ወራት በበርሊን ያስጠና የነበረው ይህንኑ «ጋሊሌዮ»ን ነበር፤ ራሱን የሚከስሰውን ጋሊሌዮ። ሕመም አቋረጠው፤ ነሐሴ 14 ቀን 1956 ዐረፈ፤ ተውኔቱም በጥር 1957 ለሕዝብ ታየ።