ጉልበትዎን የሚያምዎ በዕድሜ ነው ወይስ በኪሎ?

«ዕድሜ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል?» ጉልበትዎን የሚያምዎ ከሆነ ይህን ሳይሰሙ አልቀሩም። አባባሉ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ኦስቲኦአርትራይተስ፣ ማለትም የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት እየሳሳ የሚሄድበት የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል። ነገር ግን ዕድሜና ክብደት ጉልበትን የሚጎዱበት መንገድ ይለያያል። ልዩነቱን ለማየት አረማመድን መመልከት ያስፈልጋል።

80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲራመድ ጉልበቱ የሚሸከመው 80 ኪሎ ብቻ ይመስለን ይሆናል። አይደለም! ሰውነት እንዳይወድቅ የጭንና የባት ጡንቻዎች ሲኮማተሩ አጥንቶቹን እርስ በርስ ይጫኗቸዋል። የጀርመን ተመራማሪዎች ጭነት የሚለካ ሰው ሠራሽ ጉልበት በታካሚዎች ላይ ተክለው ነበር። በሜዳ ላይ ሲራመዱ ጭነቱ የሰውነት ክብደታቸውን 2.5 እጥፍ ገደማ፣ ደረጃ ሲወርዱ ደግሞ 3.5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ባለ 80 ኪሎው ሰው እንግዲህ በየእርምጃው 200 ኪሎ፣ ደረጃ ሲወርድ 280 ኪሎ ያህል ጉልበቱ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ስሌት ሳያውቀው በየቀኑ ይኖረዋል።

ይሄ ጭነት ደግሞ እኩል አይከፋፈልም። በእርምጃ ጊዜ ከመሬት ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል በአብዛኛው ከጉልበት መሃል ወደ ውስጠኛው ጎን ያደላል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሳሳውም የውስጠኛው ጎን ነው። እሱ ሲሳሳ እግር ወደ ውጭ ይቆለመማል፤ መቆልመሙ ደግሞ በዚያው ጎን ላይ ጭነት ይጨምራል። አዙሪት ነው።

ዕድሜ የሚያመጣው ለውጥ ሌላ ነው። የጭን ጡንቻ ይሳሳል፣ ቁርጭምጭሚት ሰውነትን ወደፊት የመግፋት ኃይሉ ይቀንሳል፣ ዳሌ ያንን ለማካካስ ይበልጥ ይሠራል። እርምጃ ያጥራል፣ ፍጥነት ይወርዳል። ክብደት የጨመረ ሰውም ቀስ ብሎ፣ እግሩን ሰፋ አድርጎ፣ ጉልበቱንም ብዙ ሳያጥፍ ይራመዳል። ሕመሙ ራሱ ደግሞ ሰውን ያዘገያል። እንግዲህ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሲሄድ አይተው ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ በዓይን መለየት አይችሉም። ለዚህም ነው ጥንቁቅ ተመራማሪዎች የሚያወዳድሯቸውን ሰዎች ፍጥነት ከግምት የሚያስገቡት። ቀስ ማለት በከፊል መከላከያ ነው፤ ከፍተኛውን ጭነት ይቀንሳል። ነገር ግን እግር መሬት ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝማል፤ እርምጃው ካጠረ ደግሞ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ብዙ እርምጃ ይጠይቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዕድሜን መቀነስ አይቻልም፤ ኪሎን ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካው ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጉልበት ኦስቲኦአርትራይተስ ባለባቸውና ከመጠን በላይ ክብደት ባላቸው 142 አረጋውያን ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። የቀነሰ እያንዳንዱ ኪሎ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጭነት በየእርምጃው 4 ኪሎ ያህል ከመቀነስ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። እስቲ እናስላው፦ በቀን 5,000 እርምጃ ቢራመዱ እያንዳንዱ ጉልበት 2,500 ጊዜ ይጫናል። አንድ ኪሎ መቀነስ ማለት እንግዲህ ከአንዱ ጉልበት ላይ በቀን ተደምሮ 10,000 ኪሎ፣ ማለትም 100 ኩንታል ማራገፍ ነው። (ክብደት የሚጎዳው በጭነት ብቻ አይደለም፤ የስብ ሕዋሳት ብግነት የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችም ያመነጫሉ። ውፍረት ከጣት መገጣጠሚያ ሕመም ጋር ጭምር መያያዙ የሚጠቁመው ይህንኑ ነው፤ በእጁ የሚራመድ የለም እኮ።)

በዕድሜ ከምናሳብበው ውስጥም አንዱ ክፍል የጡንቻ ድካም ነው፤ ጡንቻ ደግሞ በ70 ዓመትም ቢሆን ይጠነክራል። ከወንበር ላይ በእጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ ጥሩ ጅማሬ ነው። ጉልበቴ እንዳያልቅ ብሎ መቀመጥ ግን አያዋጣም። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ሲጫንና ሲላቀቅ ከሚንቀሳቀሰው ፈሳሽ ነው። ጉልበትዎ በድንገት ካበጠና ከጋለ፣ ወይም መቆም ካቃተዎት ግን ሐኪም ይይዎት።

ምርኩዝ የሚይዙ ከሆነ ደግሞ የሚይዙበትን እጅ ልብ ይበሉ። ብዙ ሰው በሚያመው ጎን ይይዛል። ቀኝ ጉልበትዎን ከሆነ የሚያምዎ ምርኩዙን በግራ እጅዎ ይያዙና ከቀኝ እግርዎ ጋር አብረው ያሳርፉት።