ወባን ለቲ ሴል የሚያሳየው ማን ነው?

ጋምቤላ ከተማ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባህር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሙቀቱና ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ የሚተወው ውሃ ለወባ ትንኝ ስለሚመች ክልሉ ወባ ከሚበረታባቸው የአገሪቱ አካባቢዎች አንዱ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በመንግሥት ሰፈራ ወደዚህ የመጡ ደገኞችን ንዳዱ ክፉኛ ጎድቷቸዋል። እዚያው ተወልዶ ያደገ አኙዋ ወይም ኑዌር ጎልማሳ ግን የወባ ተውሳክ በደሙ ውስጥ እያለ እንኳ ሥራውን ሲሠራ ሊውል ይችላል። ይህ አቅም በልጅነት ደጋግሞ በመታመም ይገኛል፤ ብዙ ህፃናት ሳያገኙት ይሞታሉ።

ሰውነት በሽታውን የሚማረው ግን እንዴት ነው? ከነጭ የደም ሴሎች ዋነኞቹ ተዋጊዎች ቲ ሴሎች ናቸው ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ቲ ሴል ተውሳኩ ሙሉ አካሉን ይዞ ከፊቱ ቢቆም አያውቀውም። ሌላ ሴል ተውሳኩን ሰባብሮ፣ ከፕሮቲኑ አጭር ቁራጭ ወስዶ፣ በገጹ ላይ ሊያሳየው ይገባል፤ እህል ነጋዴ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ ለገዢ እንደሚያሳየው። ያ ቁራጭ አንቲጂን ከሚባለው ባዕድ ነገር የተገኘ ነው፤ ይዞት ወደ ውጭ የሚያወጣው ፕሮቲን ደግሞ በሰው ላይ ኤችኤልኤ ይባላል።

ኤችኤልኤ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኒውክሊየስ ባለው ሴል ሁሉ ላይ አለ ማለት ይቻላል። ሴሉ በውስጡ የተሠሩትን ፕሮቲኖች፣ የራሱንም የወራሪውንም፣ ፕሮቲያዞም በሚባል መቁረጫ ይከትፍና ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ የሚሆኑትን ቁራጮች ያወጣል። እነዚህን የሚመለከተው ገዳዩ ቲ ሴል ነው፤ ባዕድ ቁራጭ ካየ የታመመውን ሴል ይገድለዋል። ሁለተኛው ዓይነት በጥቂት ሴሎች ላይ ብቻ ይገኛል። እነሱ ከውጭ የዋጡትን በአሲዳማ ከረጢት ውስጥ ፈጭተው ረዘም ያለ ቁራጭ ለረዳት ቲ ሴል ያሳያሉ።

ከእነዚህ ሁሉ የላቀው ዴንድሪቲክ ሴል ነው። ተመራማሪዎቹ ራልፍ ስታይንማንና ዛንቪል ኮን በ1973 እ.ኤ.አ. በአይጥ ጣፊያ ውስጥ እንዳገኙት ሲያስታውቁ የሴሉን ቅርንጫፋማ ቅርፅ ያዩ ብዙዎች ሥራውን ለማመን ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ስታይንማን በ2011 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ያረፈው ግን ሽልማቱ ከመነገሩ 3 ቀን ቀደም ብሎ ነበር። ሴሉ ቆዳ ላይ ያገኘውን ይዞ ወደ ሊምፍ ዕጢ ይጓዛል። ቁራጭ ማሳየቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ዴንድሪቲክ ሴሉ ራሱ በአደጋ ምልክት ካልነቃና ሁለተኛ ማነቃቂያ አብሮ ካልሰጠ፣ ቲ ሴሉ ለውጊያ ከመነሳት ይልቅ ይደነዝዛል።

ወባ አስቸጋሪ ከሆነችባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው የማሳየት ሥራ ነው። ትንኟ የምትረጨው ተውሳክ ፈጥኖ ጉበት ይገባል፤ ፋልሲፓረም የሚባለው ዝርያ እዚያ ሳምንት ያህል ይቆያል። የጉበት ሴል ኤችኤልኤ ስላለው ተውሳኩን ማሳየት፣ ገዳዩም ማግኘት ይችላል። ሳምንቱ ሲያልፍ ግን ከአንድ የተበከለ የጉበት ሴል ብዙ ሺህ ተውሳኮች ወጥተው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይገባሉ። የበሰለ ቀይ ሴል ኒውክሊየስም ኤችኤልኤም የለውም፤ ቁራጩን የሚያሳይበት ስለሌለው ገዳዩ ቲ ሴል አያየውም። ከዚህ በኋላ ትግሉ በዋናነት ወደ ጣፊያና ወደ ፀረ እንግዳ አካላት ይዞራል። ፀረ እንግዳ አካላቱን የሚያመርተው ቢ ሴልም ጥሩ አድርጎ ለመሥራት የዋጠውን ቁራጭ ለረዳት ቲ ሴል ማሳየት አለበት። በኢትዮጵያ የተለመደው ሌላው ዝርያ ቫይቫክስ ግን ገና ያልበሰሉ ቀይ ሴሎችን ይመርጣል። በእነዚህ ላይ የኤችኤልኤ ቅሪት ስላለ ገዳይ ቲ ሴሎች እንደሚያጠቋቸው የብራዚል ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በ2018 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

በስም ጋምቤላን የምትመስለው ጋምቢያም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት። ኤችኤልኤ ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል፤ የእያንዳንዱ ዓይነትም የሚይዘው ቁራጭ የተለያየ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው አድሪያን ሂልና ባልደረቦቹ የጋምቢያ ህፃናትን አጥንተው ኤችኤልኤ ቢ53 ያላቸው በከባድ ወባ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አገኙ። ቀጥሎም ይህ ዓይነት ኤችኤልኤ ከጉበት ደረጃው ተውሳክ ፕሮቲን ቁራጭ እንደሚይዝ ታየ።

ሂል በኋላ አር21 የተባለውን የወባ ክትባት ካዘጋጀው የኦክስፎርድ ቡድን መሪዎች አንዱ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. አርቲኤስኤስ የተባለው ሌላ የወባ ክትባት፣ በ2023 ደግሞ አር21 እንዲሰጥ መክሯል። ሁለቱም የያዙት ትንኟ በምትረጨው ተውሳክ ገጽ ላይ ያለውን ፕሮቲን ቁራሽ ነው፤ በአርቲኤስኤስ ስም ውስጥ ያለው «ቲ» ለቲ ሴል የሚታየውን ክፍል ያመለክታል። በሁለቱም ውስጥ የቺሊ ዛፍ ከሆነው ኪላያ ቅርፊት የሚወጣ ንጥረ ነገር አለ፤ ሥራው የሚያሳዩትን ሴሎች ማንቃት ነው። መከላከያው በዋናነት የሚመጣው ከፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፣ ዒላማውም ተውሳኩ ጉበት ከመግባቱ በፊት መያዝ ነው። ክትባቶቹ ከ5 ወር ዕድሜ ጀምሮ በ4 ዙር ይሰጣሉ።