ብረት ያነሳ ክንድ የሚወፍረው በምንድን ነው?

ጂም የሚመላለስ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም፦ «ክንድህ እንዲወጣ ከፈለግህ እግርህን አትዝለል፤ ሆርሞንህን የሚያስነሳው እሱ ነው።» ምክሩ መነሻ አለው። ከባድ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) ከሠራን በኋላ ደማችን ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮንና የእድገት ሆርሞን ከፍ ይላል። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆነው፣ ወደ ነበረበት ይወርዳል። ታዲያ ይህ አጭር ጭማሪ ጡንቻ ይገነባል?

በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ሙከራ መልሱን እዚያው አንድ ሰው ገላ ላይ ፈለገ። በዚህ ሐሳቡ በጣም እወደዋለሁ። 12 ወጣት ወንዶች ሁለቱን ክንዶቻቸውን በተለያየ ቀን ያሠሩ ነበር። የአንደኛው ክንድ ቀን ክንዱን ብቻ ሠርተው ያበቃሉ፤ ሆርሞናቸው እምብዛም አይነሳም። በሌላኛው ክንድ ቀን ግን ክንዱን እንደጨረሱ ከባድ የእግር ሥራ ይከተላል፤ ሆርሞኑ ይጎርፋል። ምግቡ፣ እንቅልፉ፣ ዘሩ ያው የአንድ ሰው ነው። ከ15 ሳምንት በኋላ ሲለካ ሁለቱም ክንዶች ወፍረዋል፣ ጠንክረዋልም፤ በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ምክንያቱ ጡንቻ ሸክሙን ራሱ የሚሰማ መሆኑ ነው። የጡንቻው ክር ሲወጠር ሴሉ ውስጥ ኤምቶር የተባለው ፕሮቲን ይነቃና አዲስ የጡንቻ ፕሮቲን እንዲሠራ ያዛል። ይህ ሥራ ከጂም ወጥተን ቤት ከገባንም በኋላ፣ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ስለዚህ በማግስቱ የምንበላው ምስር ወይም እንቁላልም ድርሻ አለው።

ይህ ማለት ግን ሆርሞን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ትልቁ ነገር ሁልጊዜ በደም ውስጥ የሚኖረው መጠን ነው። በዴንማርክ ወጣት ወንዶች ቴስቶስትሮናቸው በመድኃኒት እንዲወርድ ተደርጎ ብረት ሲያነሱ፣ ጥንካሬያቸው መድኃኒቱን ያልወሰዱትን ያህል አልጨመረም።

መጠኑ ከተፈጥሮ በላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ የአሜሪካ ጥናት በሳምንት 600 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን ለ10 ሳምንት የተወጉ ወንዶች ስፖርት ሳይሠሩ እንኳ ከስብ ውጭ ያለው ክብደታቸው 3 ኪሎ ገደማ ጨመረ፤ መርፌውንም ብረቱንም የያዙት 6 ኪሎ ገደማ። ይህ የመርፌ መጠን ለሆርሞን እጥረት ሕክምና ከሚታዘዘው ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ዕዳውም ከባድ ነው፦ አንጎል በደም ውስጥ የተትረፈረፈውን ሲያይ ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ ፍሬው ይሟሽሻል፣ የወንድ ዘር መመረት ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይቆማል። መርፌው ከተተወ በኋላ ማገገሙ ወራት ሊወስድ ይችላል። ልጅ መውለድ የሚያስብ ወጣት ይህን ሳያውቅ እንዳይወጋ አደራ እላለሁ።

«ብረት ካነሳሁ ወንድ እመስላለሁ» ብለው የሚሰጉ እህቶችም ይስሙኝ። የሴት ቴስቶስትሮን ከወንዱ አንድ አሥረኛ እንኳ ስለማይሞላ ይህ አያስጋቸው። ሆኖም እኩል ለፍተው ሲሠሩ ጡንቻቸው ከመነሻው አንፃር በመቶኛ የሚያድገው ከወንዶቹ ጋር ተቀራራቢ ነው። የወር አበባቸው የቆመ፣ ኤስትሮጅናቸው የቀነሰ እናቶችም ቢሆኑ ጡንቻቸው ለሸክም ምላሽ ይሰጣል፤ ለጀማሪ ከወንበር ቁጭ ብድግ ማለት ይበቃል፤ እሱ ሲቀል ትንሽ ክብደት ይያዝበታል።