አፎት ያጣ ሰይፍ

ከነጭ የደም ሴሎቻችን የሚበዙት ኒውትሮፊል ይባላሉ። ባክቴሪያ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ከትጥቃቸው አንዱም ኤላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ሥራው ፕሮቲን መቆራረጥ ነው፤ ነገር ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም። ሳንባ ተለጥጦ እንዲመለስ የሚያደርገውን ኤላስቲን ሳይቀር ይበላል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ጉበት አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን የተባለ ፕሮቲን እያመረተ ወደ ደም ይለቃል፤ ለሰይፉ አፎት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ላውረልና ኤሪክሰን የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ይህ ፕሮቲን የጎደላቸውን ሰዎች ለይተው ጻፉ፤ ከእነርሱም መካከል ሳንባቸው ያለ ዕድሜው የተጎዳ ነበሩ። የሲጋራ ጭስም ያንኑ አፎት ያበላሻል። ጉዳቱን ያመጣው እንግዲህ የሰይፉ መኖር ሳይሆን ሚዛኑ መፍረሱ ነው።

ታዲያ ኢንዛይሙን ማገድ ነዋ! ተሞክሯል። ሲቬለስታት የተባለው መድኃኒት ጃፓን ውስጥ ተፈቅዶ ነበር፤ በድንገተኛ የሳንባ ጉዳት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ በነበሩ 492 ሕሙማን ላይ ሲፈተሽ ግን ጥቅም አላሳየም። እንዲያውም በ180 ቀን ውስጥ የሞቱት መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል በዝተው ስለተገኙ ጥናቱ ሳያልቅ ቆመ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። ሐሳቡ ከሥሩ ስሕተት ነበር ለማለት ግን ይህ አይበቃኝም። ሰይፉ ተመዞ፣ ሳንባው ከተቆረጠ በኋላ አፎት መፈለግ ዘግይቶ መድረስ ነው። አዲሱ መንገድ ወደ ቀጥቃጩ ቤት፣ ወደ አጥንት መቅኒ ይወርዳል። ኤላስቴዝና ሁለት ጓደኞቹ ስለት የሚያወጡት እዚያ፣ ዲፒፒ1 በተባለ ሌላ ኢንዛይም ነው። ብሬንሶካቲብ የተባለው መድኃኒት የሚያግደው ይህንን ነው። ቀድመው የታጠቁትን ሴሎች ስለማይነካ ውጤቱ ሳምንታት ይፈልጋል። የአየር ቧንቧቸው ሰፍቶ አክታ በሚጠራቀምባቸው፣ ማለትም ብሮንኪየክታሲስ ባለባቸው ከ1,700 በላይ ሰዎች ላይ ለአንድ ዓመት ተሞክሮ የሕመሙን ግርሻ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 አሜሪካ ፈቀደችው።

ዘበኛን ትጥቅ ማስፈታት ሌባ መጋበዝ አይደለም ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ በከፊል ፓፒዮን-ለፌቭር የተባለ ሕመም ይዘው ከሚወለዱት ይገኛል። ዲፒፒ1 የላቸውም፤ የመዳፋቸውና የእግራቸው ቆዳ ይደድራል፣ ድዳቸው ይታመማል፣ ጥርሳቸው ያለጊዜው ይረግፋል። አንዳንዶቹ መግል ያለው ቁስለት ቢደጋገምባቸውም፣ አብዛኞቹ በከባድ ኢንፌክሽን አይወድቁም። መድኃኒቱ ደግሞ የኢንዛይሙን ሥራ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ድድንና ቆዳን መከታተል ግን ግድ ነው። አንድ አምስተኛ ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። እያንዳንዱ ግርሻ ቧንቧውን ይጎዳል፣ የተጎዳው ቧንቧ ሌላ ኒውትሮፊል ይጠራል፤ ዙሩን ማላላት ትንሽ ነገር አይመስለኝም፣ በተለይ ከዚያ በፊት ለሕመሙ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት በሌለበት። ለእኛ አገር አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ቲቢ የሚተወው ጠባሳ ከብሮንኪየክታሲስ መንሥኤዎች አንዱ ነው። ከቲቢ ድናችሁ ዓመታት ካለፉም በኋላ አክታ የበዛበት ሳል አልለቅ ካላችሁ፣ የአክታ ምርመራው ነጻ ናችሁ ቢልም እዚያ አትቁሙ፤ ሕመሙን ለይቶ የሚያሳየው የደረት ሲቲ ስካን ነው።